የጠፋው ካፌይን ከቫልቩ በኋላ ያለው ቱቦ ውስጥ ነው

ካፌይን በሱፐርክሪቲካል ካርቦን ዳይኦክሳይድ (በግፊትና በሙቀት እንደ ጋዝ እየፈሰሰ እንደ ፈሳሽ የሚያሟሟ) ውስጥ ምን ያህል እንደሚሟሟ እየለካሽ ነው፣ 40 ዲግሪ 200 ባር ግፊት ላይ፣ የጋዙን ፍሰት ከፍ ስታደርጊው ቁጥሩ ይወርዳል፣ ያንኑ ሙከራ ስትደግሚው ደሞ አንዴ ትንሽ አንዴ ብዙ ይመጣል፣ ፓምፑ ተበላሽቶ ይሆን ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ። ፓምፑን ተይው እህቴ።

ፍሰት ሲጨምር ቁጥሩ ከወረደ ጋዙ ሳይጠግብ እያለፈ ነው ማለት ነው፣ ካፌይኑ ጋ በቂ ጊዜ አልቆየም። ስለዚህ ፍሰቱን በግማሽ ቀንሺና ለኪ፣ አሁንም በግማሽ፣ ሁለት ተከታታይ ውጤት አንድ እስኪሆን ድረስ ውረጂ፣ ከዛ በፊት ያለውን ቁጥር ሶሉቢሊቲ (የመሟሟት መጠን) ብለሽ እንዳትጽፊው። ዱቄቱን ብቻውን ጠቅጥቀሽው ከሆነም ጋዙ በአንድ ጎን መንገድ ከፍቶ ሹልክ ይላል፣ ከመስታወት ዶቃ ጋር ቀላቅይው። መውጫው ላይ ፊልተር ይኑር፣ አለበለዚያ ያልሟሟ ዱቄት አብሮ ይወጣና ቁጥሩን ያሳብጠዋል።

አንዴ ትንሽ አንዴ ብዙ የሚለው ግን መውጫው ላይ ግፊቱን የሚለቀው የቫልቩ ጣጣ ነው። እኔም አንድ ሰሞን ሳምንት ሙሉ ተሰቃይቼበታለሁ፣ በመጨረሻ ቱቦውን ፈትቼ በአንድ አይኔ ወደ መብራት ሳየው ቀዳዳው በነጭ ነገር ግማሹ ተደፍኗል፣ ለካ የምፈልገው ካፌይን እዛ ተጋግሮ ተቀምጧል! ጋዙ ከ200 ባር በአንዴ ወደ አየር ግፊት ሲወርድ ክፉኛ ይቀዘቅዛል፣ ደረቅ በረዶ ይሰራል፣ የተሸከመውንም እዛው ይጥላል፣ ቀጣዩ ሙከራ ላይ ያ ቅሪት ተፈንቅሎ ሲወጣ ቁጥርሽ ይዘላል። ቫልቩን በማሞቂያ ቴፕ ጠቅልይው። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ሴሉን፣ ማለትም ካፌይኑ ያለበትን ዕቃ፣ ዝጊ፣ የቫልቩ በኩል ግፊቱ ዜሮ መሆኑን አይተሽ ቫልቩንና ቱቦውን በኤታኖል እጠቢ፣ እጣቢውን ከሰበሰብሽው ጋር ደምሪው። ከዛ በደንብ አድርቂ፣ ምክንያቱም ኤታኖል ወደ ሴሉ ከገባ ካፌይኑ በጣም ይሟሟና ሌላ ስህተት ታተርፊያለሽ።

ቴርሞኮፕሉ (ሙቀት መለኪያው) ሴሉ ውስጥ ይሁን፣ የኦቨኑን አየር አትመኚ። በተለይ ግፊቱን ስትቀንሺ፣ 100 ባር ላይ 40 ዲግሪ የነበረው ወደ 45 ቢወጣ የጋዙ ዴንሲቲ (እፍጋቱ) በሜትር ኩብ ከ630 ኪሎ ገደማ ወደ 500 ይወርዳል፣ የማሟሟት አቅሙም አብሮ።

ይሄን ሁሉ ካስተካከልሽ በኋላ መሣሪያሽ ልክ መሆኑን ለማየት ካፌይኑን ለጊዜው አስቀምጪና ለልብስ ብል የምናደርገውን ናፍታሊን 35 ዲግሪ 200 ባር ላይ ለኪ፣ ወደ 1.6 ሞል ፐርሰንት (ከመቶ ሞለኪውል 1.6ቱ ናፍታሊን) መምጣት አለበት። ካነሰብሽ መጀመሪያ ያቺን ቱቦ ፍቺና እያት።