መልስ፦ ለጅቡቲ መንገድ ስንቅ

«ከኮምቦልቻ ጅቡቲ በረዳትነት ስወርድ የያዝኩት እንጀራ በሁለተኛው ቀን ሻገተ። ጋቢና ውስጥ እያደርኩ ምን ልብላ?» ላልከው፣ እንጀራውን ተወውና ድርቆሽ ያዝ። በደንብ የደረቀ ይሁን፣ በጨርቅ ከረጢት ቋጥረው። ፌስታል ውስጥ ካሰርከው ያልበውና እሱም ይሻግታል።

ማታ ስትቆሙ ሽንኩርትና በርበሬ በዘይት አቁላልተህ ታፈረፍረዋለህ። ጠዋት በሶ በጥብጥ፣ እሳት አያስፈልገውም። ደሴ ቤተሰብ ካለህ ገብሱን ቀደም ብለህ አስቆላና አስፈጭ። የሱቁ በሶ አይጥምም፣ እኔ እንጃ፣ ለኔ አይጥመኝም።

ውሃው ላይ ግን አትቀልድ። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ባቲን አልፈህ ቁልቁል ሚሌ ስትደርስ ከሙቀቱ የተነሳ ሌላ አገር የገባህ ይመስልሃል። ጀሪካኑን በጆንያ ጠቅልለው፣ ጆንያውን እያረጠብክ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ እሰረው። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ የሚጠጣ ይሆንልሃል። ሰኞ ከወረዳችሁ የባቲ ገበያ ነውና የጎደለህን እዚያ ሙላ።

አንድ ነገር ልንገርህ፦ ጥላ ፍለጋ መኪና ሥር እንዳትተኛ። እኔ ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ ስንጠብቅ ተሳቢው ሥር ሸለብ አደረገኝ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። የነቃሁት ሾፌራችን ሞተር ሲያስነሳ ነው። እንዴት ተንከባልዬ እንደወጣሁ ዛሬም አላውቀውም።

አሁን ጋቢና ውስጥ ነው የምተኛው፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ አጎበር ወጥሬ። ላቡ አይጣል ነው፣ ግን ጠዋት እነሳለሁ።