በላጲስ የጠፋው ዋዲ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኛዎቹ የኮንዶሚኒየም ጣራ ስለሚያፈስባቸው ሰዎች ናቸው። በዚህ ወር ግን ሦስቱ ስለ ዓረብ ከተሞች ሆኑ። ደስ አለኝ። ለማያውቁኝ ልንገራችሁ፤ ጅዳ፣ ሪያድና ዱባይ ውስጥ 17 ዓመት በቅየሳ ሠርቻለሁ። ትራይፖድ ተሸክሜ ፀሐይ ያከሰለኝ ቀያሽ እንጂ ኢንጂነር አይደለሁም። መልሴም የቀያሽ መልስ ነው። ቀኖቹንና ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ጋሼ፣ በ2024 ሚያዝያ ያ ዝናብ ዱባይ ላይ ሲወርድ ስድስት ሆነን የምንኖርበት ምድር ላይ ያለ ክፍል ውሃ ገባው። ሻንጣዬ ከነልብሴ ረጠበ። እንዲህ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ የሚሠራ አገር የጎርፍ ቦይ መሥራት እንዴት ያቅተዋል? ደመና ስለዘሩ ነው የሚባለውስ እውነት ነው?»
ግራ የገባት፣ ከዴይራ

እህቴ፣ እንኳን አንቺ ተረፍሽ። የደመናውን ወሬ ላስቀድመው። ያ ዝናብ ሰፊ አካባቢ ያዳረሰ ትልቅ ማዕበል ነበር። ኦማን ውስጥ የትምህርት ቤት ልጆችን ጭምር ወስዷል። የኤምሬትስ የሜትሮሎጂ ማዕከል በማዕበሉ ሰዓት ደመና የሚዘራ አውሮፕላን አላስነሳሁም ብሏል። ቢያስነሳም እኮ፣ ደመና መዝራት ማለት ያለውን ደመና ትንሽ መጭመቅ ነው። ባሕር አይፈጥርም።

ወደ ቦዩ እንምጣ። ዱባይ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ ወር ብቻ የዚያን እጥፍ ትጠግባለች። ሚያዝያ 16 ቀን 2024 ግን አል ዓይን አጠገብ፣ ኻትም አል ሸክላ በሚባል ቦታ፣ አንድ ቀን ባልሞላ ጊዜ 254 ሚሊ ሜትር ተለካ። በ1949 መመዝገብ ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ አልታየም።

ከተማ የሚነድፉ ሰዎች ደግሞ ሒሳብ አላቸው። በዓመት ጥቂት ቀን ለሚዘንብ ዝናብ ትልቅ ቱቦ መቅበር ገንዘብ መቅበር ነው ይላሉ። ዝናብ ሲመጣ ቦቴ ይላካል፣ ውሃው ይመጠጣል፣ አለቀ። ይህ ለብዙ ዓመት ሠርቷል። እኔም ዱባይ እያለሁ አደባባይ ላይ የተሰለፉትን ቦቴዎች አይቼ «ብልህ ናቸው» ብያለሁ።

«አሸዋ አይደለም ወይ፣ ለምን አይመጠውም?» እንዳትይ። ከባሕሩ ዳር ያለው ብዙው መሬት ከሥሩ ሳብኻ ነው፤ ጨዋማና ረግረጋማ መሬት። ለመሠረት ጉድጓድ ሲቆፈር ብዙ ሳይወርዱ ውሃ ያገኛሉ። ጫማዬ በጨው ነጭ ሆኖ ቤት የምገባበት ጊዜ ነበር። እንግዲህ ከላይ አስፋልት፣ ከሥር ውሃ። የዘነበው የት ይሂድ? አንቺ ክፍል ገባ።

አሁን ሒሳቡን ቀይረዋል። ከጎርፉ ሁለት ወር በኋላ 30 ቢሊዮን ድርሃም የተያዘለት፣ ተስሪፍ የተባለ የጎርፍ ማስወገጃ ፕሮጀክት ይፋ ሆነ። ያሁኑን አቅም በ700 በመቶ ያሳድጋል የተባለው ይኸው ነው። ያልቃል የተባለው በ2033 ነው። እስከዚያ ቤድ ስፔስ፣ ማለትም በጋራ ክፍል ውስጥ የአልጋ ቦታ፣ ስትከራዪ ግድግዳውን ከታች እዪው። ነጭ የጨው መስመር ካለ ውሃ እዚያ ድረስ ወጥቶ ያውቃል ማለት ነው። ደላላው «ቀለም ነው» ቢልሽ አትመኚው።

የእኔ ቁጭት ግን ዱባይ ላይ አይደለም፤ ጅዳ ላይ ነው። ጥያቄሽ ስላስታወሰኝ ልናገረው።

2007 ነው። ከጅዳ በስተምሥራቅ፣ ከተራሮቹ ግርጌ፣ ለቤት መሥሪያ የሚሸነሸን መሬት እንለካለን። መሬቱ ደረቅ ነው። ግን ድንጋዩ ክብና ልስልስ ነው፤ ግራሮቹም በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። እኔ ያደግሁት ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር ነው። የውሃ ድንጋይ አይጠፋኝም። የመስክ ወረቀቱ ላይ በሰማያዊ እርሳስ አሠመርኩና «ዋዲ» ብዬ ጻፍኩበት። ዋዲ ማለት ዝናብ ሲመጣ ብቻ የሚሄድ ወንዝ ነው።

የክፍሉ አለቃ ወረቀቱን አየና «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።
«ዋዲ ነው።»
«ውሃ አይተሃል?»
«አላየሁም።»
«ታዲያ መሬት ነዋ።»

ላጲስ አነሳና አጠፋው። ቀስ ብሎ፣ ወረቀቱ እንዳይቀደድ ተጠንቅቆ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ እነሱ እጅ ነው። ዝም አልኩ። ቦታው ተሸንሽኖ ተሸጠ።

ኅዳር 25 ቀን 2009፣ በሐጅ የመጀመሪያው ቀን፣ ጅዳ ላይ በአራት ሰዓት ውስጥ ከ90 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ። ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። ክፉኛ የተጎዳው ቁወይዛ የሚባለው ሰፈር ነበር፤ ዋዲ ላይ የተሠራ ሰፈር። መኪኖች አንዱ ባንዱ ላይ ተቆልለው አየሁ። እኔ የለካሁት ቦታ ቁወይዛ አይደለም። ግን ወንድሙ ነው። እስከ ዛሬ ላጲስ ሳይ ደስ አይለኝም።

ከከተማው በስተምሥራቅ ደግሞ «የምስክ ሐይቅ» የሚባል ነገር ነበር። ምስክ ሽቶ ነው። ሐይቁ ግን ሽንት ቤት ነው! አብዛኛው ከተማ የፍሳሽ መስመር ስላልነበረው ቦቴዎች ከየቤቱ የመጠጡትን እዚያ ይደፉ ነበር። ስሙን ያወጣለት ሰው ቀልደኛ ነው። በጎርፉ ሳምንት ግድቡ ይፈርሳል ተብሎ ከተማው በሙሉ እንቅልፍ አጣ። በኋላ ደረቀ።

የሳውዲው ንጉሥ አብዱላህ መርማሪ ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ፍርድ ቤት የቀረቡም ባለሥልጣናት ነበሩ። ግድብና ቦይም ተሠራ። ኅዳር 2022 ላይ በስድስት ሰዓት 179 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ፣ ማለትም ከ2009ኙ እጥፍ ገደማ፣ ሁለት ሰዎች ሞቱ ተባለ። ለሁለቱም ቤተሰቦች ሐዘን ነው። ግን መቶ ሞትና ሁለት ሞት አንድ አይደሉም። ቦዩ የሠራው ይህን ነው።

«ጋሼ፣ የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። መምህራችን መስዳር ከተማ ከሽፏል አሉን። እርስዎስ? የግብፅ አዲሱ ዋና ከተማስ ያዋጣል?»
ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ

መምህርህን ግማሽ በግማሽ እስማማቸዋለሁ። አቡዳቢ አጠገብ ያለው መስዳር ሥራው በ2008 ሲጀመር በ2016 ያልቃል፣ 50 ሺሕ ሰው ይኖርበታል፣ መኪና አይገባውም ተብሎ ነበር። አላለቀም። ቀኑ ወደ 2030 ተገፋ። ያለሾፌር የሚሄዱት ትንንሽ መኪኖች ከመኪና ማቆሚያው እዚያው እስካለው የመስዳር ተቋም ድረስ ብቻ ተመላልሰው ቀሩ። ከተማ ተብሎ ሰፈር ሆነ።

ግን ገብቼ አይቼዋለሁ። ነሐሴ ነበር። ከማቆሚያው ወጥቼ ጠባቡ መንገድ ውስጥ ስገባ ትከሻዬ ላይ የነበረው እሳት ወረደ። ምንም ተአምር የለውም። ሕንፃዎቹ ተቀራርበው አንዱ ለሌላው ጥላ ይሰጣል። ነፋስ የሚያወርድ 45 ሜትር ማማም ቆሟል። ዱባይ አል ፋሂዲ የሚባለው የድሮ ሰፈር ብትሄድ የድሮ ነጋዴዎች ቤት ላይ ያው ነገር አለ፤ ባርጂል ይሉታል። ኖርማን ፎስተርን የሚያህል አርክቴክት ጠርተው፣ የተገኘው ቁም ነገር የአያቶቻቸው መንገድ ስፋት ሆነ። ይህን ተማርና የቀረውን እርሳው።

የግብፁን ባጭሩ። በ2015 ይፋ ሆነ። ከካይሮ በስተምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ 6 ሚሊዮን ተኩል ሰው ይይዛል ተብሎ ታቅዷል። ሚኒስቴሮቹ ገብተዋል። ሚኒስቴር በትእዛዝ ይሄዳል፤ ቤተሰብ ግን የሚሄደው ኪራዩ ከደመወዙ ጋር ሲታረቅ ነው። የሚገርመኝ፣ ካይሮ ራሷ በ969 ፋጢማውያን የሚባሉ ገዢዎች ከቀድሞዋ ከተማ ከፉስጣጥ አጠገብ የቆረቆሯት «አዲስ ዋና ከተማ» ነበረች። ለገዢዎቹ የታጠረች ነበረች። ሕዝቡ የሞላት ቀስ እያለ ነው።

ካይሮ ከሄድክ ግን መጀመሪያ አል አዝሃር ፓርክን እይ። የ500 ዓመት የቆሻሻ ክምር ላይ የተሠራ 30 ሔክታር መናፈሻ ነው፤ በ2005 ተከፈተ። ቆሻሻውን ሲያነሱ አዩቢዎች የሚባሉ ገዢዎች ዘመን የከተማ ቅጥር ከሥሩ ወጣ። ቀያሽ ሆኖ እንዲህ ያለ ቦታ መሥራት... ይቅር፣ ያስቀናል።

«ጋሼ፣ ሪያድ የሰው ቤት ነው የምሠራው። ማዳም አርብ ከሰዓት ትለቀኛለች። አዲሱ ሜትሮ ቆንጆ ነው። ግን ከቤት እስከ ጣቢያው ያለው መንገድ ይገድላል። አንድ ዛፍ እንኳ የለም። ለምን እንዲህ ሠሩት? ደግሞስ በነፃ የት ልናፈስ?»
እግሯን ያመማት፣ ከሪያድ

እህቴ፣ ጥፋቱ የሜትሮው አይደለም። ሜትሮው የመጣው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዶክሲያዲስ የሚባል ግሪካዊ የሪያድን ማስተር ፕላን ሠራ። ከተማዋን ሁለት ኪሎ ሜትር በሁለት ኪሎ ሜትር በሆኑ አራት ማዕዘኖች ከፋፈላት። በየጎኑ ሰፊ የመኪና መንገድ፣ ውስጡ ቪላ። ቪላው ደግሞ ከአጥሩ ፈቀቅ ብሎ ይሠራል። ስለዚህ መንገዱ ላይ ጥላ የሚጥል ነገር የለም። የድሮው የጭቃ ቤት መንገድ ጠባብ ነበር፤ ግድግዳው ራሱ ጃንጥላ ነው። አዲሱ የተሠራው ለመኪና ነው፤ አንቺ ደግሞ መኪና የለሽም።

ሜትሮው ታኅሣሥ 1 ቀን 2024 ሥራ ጀመረ። 6 መስመር፣ 176 ኪሎ ሜትር፣ 85 ጣቢያ። በ4 ሪያል ሁለት ሰዓት ያስኬድሻል። ሰማያዊው መስመር ባጣና መንፉሓ የሚባሉትን ሰፈሮች ይነካል። ዛፍም እየተከሉ ነው፤ 7 ሚሊዮን ተኩል ለመትከል አቅደዋል። ቆሻሻ ውሃን አጣርተው ያጠጡታል። የአንቺ መንገድ ላይ እስኪደርስ ግን ጃንጥላ ያዢ። በመኪና የሚያልፍ ቢያፈጥብሽ ያፍጥ።

የምትናፈሺበትን ልንገርሽ። ዋዲ ሐኒፋ ሂጂ። በከተማዋ ምዕራብ የሚያልፍ 120 ኪሎ ሜትር ሸለቆ ነው። እሱም እንደ ጅዳዎቹ ሊጠፋ ነበር። ጠጠር አወጡበት፣ የግንባታ ፍርስራሽ ደፉበት፣ የከተማው ፍሳሽ ወረደበት። ከዚያ ዘወር ብለው ጠረጉት። ውሃው በተከታታይ ገንዳዎች ውስጥ በድንጋይ ላይ እየተንከባለለ ያልፋል፤ ቆሻሻውን አልጌና ዓሣ ይበሉታል። በ2010 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ። ሪያድ እያለሁ አርብ አርብ ከሐበሻ ጓደኞቼ ጋር ምንጣፍ ይዘን እንሄድ ነበር። አንዱ ጀበና ይይዛል፣ አንዱ ዳቦ። አንዴ ወረቀት አውጥቼ የዋዲውን ጠርዝ በሰማያዊ እርሳስ ስስል ጓደኞቼ «ዛሬም ሥራ ነው?» ብለው ሳቁብኝ።

ሜትሮው በሩ ላይ አያወርድሽም። አራት ሆናችሁ ታክሲ ተከፋፈሉ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ያኔ የሸለቆው ግድግዳ ጥላ መጣል ይጀምራል።