ሶፍትዌሩ ሐዋሳን ያውቃታል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ላይ 200 ካሬ ቦታ አለችን። እኔና ባለቤቴ መብራትና ውሃ የማይበላ፣ አካባቢውንም የማይጎዳ ፎቅ የሌለው ቤት መሥራት እንፈልጋለን። አርክቴክት ጋ ከመሄዳችን በፊት ሐሳባችንን ራሳችን በኮምፒውተር ሥለን ማየት አማረን። «ነጻ» የሚባለው ሶፍትዌር ግን በዝቶብን ግራ ገባን። ላፕቶፓችን አሮጌ ነው፣ 4 ጊጋ ራም። መብራቱና ኔትወርኩም እንደምታውቁት ነው። በየትኛው እንጀምር?

መልስ፦ በስዊት ሆም 3ዲ ጀምሩ። ሌላውን ለጊዜው ተዉት።

ይሄኛው ነጻ ሲባል የምሩን ነው። ወር ሲሞላው «ክፈሉ» አይልም፣ አካውንት ክፈቱ አይልም፣ አንዴ ካወረዳችሁት ደግሞ ኢንተርኔት አይፈልግም። ዊንዶውስ፣ ማክ፣ ሊኑክስ ላይ ይሠራል። ከላይ ባለው ገጽ ግድግዳውን በመስመር ትሥላላችሁ፣ ከታች ያው ግድግዳ በ3ዲ ቆሞ ይታያል። በር፣ መስኮትና አልጋ ከዝርዝሩ እየጎተታችሁ ታስገባላችሁ። (ሶፋው ሞልቷል፣ ረከቦት አትፈልጉ።) ዎርድ ላይ ደብዳቤ መጻፍ የሚችል ሰው አይከብደውም።

እኔ የምወድለት ግን ኮምፓሱን ነው። ፕላኑ ላይ ትንሽ የሰሜን ምልክት ታገኛላችሁ። ሁለቴ ስትጫኑት ኬንትሮስና ኬክሮስ ይጠይቃችኋል። ለሐዋሳ 7 ዲግሪ ሰሜን፣ 38.5 ዲግሪ ምሥራቅ ሙሉ፣ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉ፣ ከዚያ ምልክቱን ካርታችሁ ላይ ሰሜን ወዳለበት አዙሩት። አሁን ሶፍትዌሩ ፀሐይዋ ቤታችሁን በየት በኩል እንደምትመታው ያውቃል። ፎቶ የሚያወጣውን ክፍል ስትከፍቱ ቀንና ሰዓት መርጣችሁ የዚያን ሰዓት ጥላ ታያላችሁ። ጥራቱን ወደ ሁለቱ ከፍተኛ ደረጃዎች ካላወጣችሁት ግን ቀንና ሰዓቱን መምረጥ አይቻልም፤ በናንተ ላፕቶፕ ይሄ ጊዜ ስለሚወስድ የፎቶውን መጠን ትንሽ አድርጉት። ቀኑ በፈረንጅ ነው፤ ሰዓቱም እንደዚያው፣ በኛ 11 ሰዓት ለማለት 17:00 ነው የሚሞላው።

ይሄን ያህል ስለ ፀሐይ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት የኢኮ (አካባቢን የማይጎዳ) ቤት ምክር አብዛኛው የተጻፈው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ነው። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት፣ ክረምታቸውም ብርድ ነው፣ ስለዚህ «ትልቁን መስታወት ወደ ደቡብ» ይላሉ። ሐዋሳ ላይ የቀትር ፀሐይ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ በሰሜን በኩል ናት፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ። ማሞቂያም የሚያስገዛ ብርድ የለባችሁም። የፈረንጁን ምክር እንዳለ ብትገለብጡት የማያስፈልጋችሁን ሙቀት ቤታችሁ ውስጥ ትጋብዛላችሁ።

ራሳችሁ ሞክሩት። ዲሴምበር 21 ቀትር ላይ ሐዋሳ ፀሐይዋ ወደ 60 ዲግሪ ከፍታ ላይ ናት። 60 ሳንቲ ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍ ደቡብ ግድግዳ ላይ አንድ ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። የመስኮቱ የላይኛው ግማሽ ተጠለለ ማለት ነው፣ ክፈፉን ወደ 90 ሳንቲ ብታወጡት ጥላው አንድ ሜትር ተኩል ያልፋል። አሁን ወደ ምዕራብ ግድግዳ ዙሩና ማርች 21ን ምረጡ፣ ሰዓቱን 17:00 አድርጉ። ያ 60 ሳንቲ ክፈፍ የሚጥለው ጥላ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው! ክፈፉን የቱንም ያህል ብታረዝሙት የማታ ፀሐይ ከሥሩ ሾልካ ትገባለች። መኝታ ቤታችሁን ወደ ምዕራብ ትልቅ መስኮት ሰጥታችሁት ከሆነ ማታ ስትተኙ ግድግዳው ገና ትኩስ ነው። እዚያ በኩል ዕቃ ቤት፣ ሻወር ወይም መስኮት የሌለው ግድግዳ አድርጉ፣ ቦታ ከተረፋችሁ ዛፍ። በ200 ካሬ ላይ ይሄን ማስተካከል የሚቻለው አሁን፣ በሥዕል ደረጃ ነው።

ኢነርጂፕላስ የሚባል ሶፍትዌር ሲነሳ ትሰሙ ይሆናል። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ያሠራው ነው፣ ነጻ ነው፣ ሕንጻው በየሰዓቱ ስንት ኃይል እንደሚፈጅ ያሰላል። አትድከሙበት። ትልቅ ጥቅሙ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ወጪ ላለበት ሕንጻ ነው። የናንተ ቤት ጥላና ነፋስ በደንብ ከገባው ሁለቱም አያስፈልጉትም።

የአገራችን መብራት ደግሞ አብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚመጣ ነው። ስለዚህ የቤታችሁ ትልቁ የአካባቢ ዕዳ አምፖሉ ላይ ሳይሆን ሲሚንቶውና ፌሮው ላይ ነው ያለው። ፎቅ ለማትሠሩበት ቤት «ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) ይሞላልን» ስትሉ ዕዳው እዚያ ይከማቻል። ይሄን ለማየት ኤጅ የሚባለውን ሞክሩ፤ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን ነው ያዘጋጀው። በብራውዘር ይከፈታል፣ መጠቀሙ በነጻ ነው። ሰርተፍኬት ካማራችሁ ግን ይከፈልበታል፣ ለናንተ ደግሞ ምንም አያደርግላችሁም። ሥዕል አይሥልም። የግድግዳውን፣ የጣሪያውንና የወለሉን ዓይነት ስትመርጡለት ከተለመደው ቤት አንጻር በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ዕቃ ስንት ፐርሰንት እንዳተረፋችሁ ይነግራችኋል። የሰርተፍኬቱ መመዘኛ በሦስቱም ቢያንስ 20 ፐርሰንት ነው። ብሎኬቱን በአፈር ብሎኬት ስትቀይሩት ቁጥሩ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ።

ለዝናብ ውሃ ሶፍትዌር አያስፈልግም። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 100 ሊትር ነው። ከአሸንዳው ውጭ የሚፈሰውንና የሚተነውን አንድ አምስተኛ ቀንሱ፣ የቀረው ወደ ሮቶ ይገባል። አንድ ጥሩ የ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 2,400 ሊትር ይሰጣችኋል። የሮቶውን መጠን ከዚህ ተነሥታችሁ ወስኑና ማስቀመጫውን ፕላኑ ላይ አሁኑኑ ሣሉት፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው አጥሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ስትጨርሱ ፕላኑን በፒዲኤፍ አውጥታችሁ ለአርክቴክቱ ስጡት። እሱ በራሱ ፕሮግራም እንደ አዲስ ይሥለዋል፣ አትቀየሙት። ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርበው የባለሙያ ሥዕል ነው። የጥላውን ፎቶዎች ግን አብራችሁ አሳዩት፤ «ምዕራቡን ዝጋልን» ብሎ በቃል ከመከራከር ይቀላል።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ለእናቴ ባሕር ዳር ቤት ላሠራ ነው። ስኬችአፕ ፍሪ ጀምሬአለሁ፣ ደስ ይላል። ይበቃኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥሩ ኢንተርኔት ስላለህ ይበቃሃል። በብራውዘር ስለሚሠራ የሣልከውን እዚያ ላሉት ለማሳየትም ይመቻል። ሁለት ነገር ግን ልብ በል። ነጻው ለግል ሥራ ብቻ ነው የተፈቀደው፣ እዚያ ያለው ኮንትራክተር ገንዘብ እየተቀበለ እንዳይሠራበት። ሁለተኛው ይበልጣል። ቦታ ካልሰጠኸው ቤቱ ኮሎራዶ፣ ቦልደር ከተማ ውስጥ እንዳለ አድርጎ ነው ጥላ የሚጥልልህ። በታኅሣሥ ቀትር ላይ ፀሐይ ቦልደር ላይ 27 ዲግሪ አካባቢ ናት፣ ባሕር ዳር ላይ ግን 55 ትደርሳለች። ጥላውን አይተህ «እሰይ፣ ሳሎኑ ፀሐይ ያገኛል» ስትል የኮሎራዶን ሳሎን እያየህ ሊሆን ይችላል። በረንዳውን ከመወሰንህ በፊት ባሕር ዳርን አስገባ። እናትህንም ጠይቃት፣ ቡናውን የምታፈላው ጠዋት በየት በኩል ተቀምጣ ነው?

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ክራክ የተደረገ አውቶካድ በፍላሽ ሰጠኝ። እሱ እያለ ነጻውን ምን አስፈለገኝ?

መልስ፦ ክራክ ከቫይረስ ጋር ሊመጣ ይችላል፣ ፍላሹም እጅ በእጅ ስንቱ ጋ እንደዞረ አታውቅም። ተማሪ ከሆንክ ኩባንያው ራሱ የአንድ ዓመት ነጻ ፈቃድ ይሰጣል፣ ተማሪ እስከሆንክም በየዓመቱ ይታደሳል። ካልሆንክ ለጠፍጣፋ ሥዕል ሊብሬካድ አለልህ። ደፈር ካልክ ደግሞ ፍሪካድን ያዝ፤ በ2024 (በፈረንጅ) የወጣው 1.0 እትሙ የሕንጻ መሥሪያውን ክፍል አብሮ ይዟል። ለመልመድ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፣ በአንድ ቅዳሜ አይያዝም።