በየልምምዱ ከፍተኛውን ክብደት መሞከር ጉልበት ይጨምራል?

ጥያቄ፦ ክብደት ማንሳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ማንሳት የምችለው ከፍተኛ ክብደት በስኳት (ዘንግ ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት) 120፣ በቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ዘንግን ከደረት ወደ ላይ መግፋት) 80፣ በዴድሊፍት (ዘንግን ከመሬት አንሥቶ ቀጥ ብሎ መቆም) 150 ኪሎ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ጂም እገባለሁ፤ በገባሁ ቁጥርም በሦስቱም የመጨረሻ አቅሜን እሞክራለሁ። ቤንች ፕሬሴ ግን ከስድስት ወር ወዲህ ከ80 ኪሎ ፈቀቅ አላለም። ከአራት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በእነዚሁ ሦስት ዓይነቶች በሚደረገው የፓወርሊፍቲንግ ውድድር ለመካፈል አስቤአለሁና ልምምዴን እንዴት ላዋቅረው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ በየልምምዱ የመጨረሻ አቅምዎን መሞከርዎ ዋናው እንቅፋት ይመስለናል። እንዲህ ያለው ሙከራ ያለዎትን ጉልበት ይለካል፤ ነገር ግን አንድ ሁለት ጊዜ አንስተው ስለሚደክሙ ጡንቻ የሚያሳድገውና አነሳስን የሚያስተካክለው ብዙ ድግግሞሽ ሳይሠራ ይቀራል፣ ድካሙም ወደሚቀጥለው ልምምድ ይሻገራል። የሶቪየት ኅብረቱ አሰልጣኝ አሌክሳንደር ፕሪሌፒን የክብደት አንሺዎችን የልምምድ መዝገብ መርምሮ ባዘጋጀው ሠንጠረዥ፣ ከከፍተኛው አቅም ከ70 እስከ 80 በመቶ ለሚሆን ክብደት በአንድ ልምምድ በድምሩ 18 ያህል ድግግሞሽ፣ ከ90 በመቶ በላይ ለሆነው ግን 7 ያህል ብቻ ይመክራል። ሠንጠረዡ የተሠራው ለኦሊምፒክ ክብደት ማንሳት በመሆኑ ለእርስዎ ሕግ ሊሆን አይገባም፤ አቅጣጫውን ግን በትክክል ያሳያል።

ከሦስቱ መካከል ቤንች ፕሬስ ቀድሞ መቆሙ አያስገርምም። በዘንጉ በእያንዳንዱ ጫፍ 1.25 ኪሎ ቢጨምሩ ጭማሪው ለ150 ኪሎ ዴድሊፍት ከ2 በመቶ በታች ሲሆን፣ ለ80 ኪሎ ቤንች ግን ከ3 በመቶ ይበልጣል። ስለዚህ ክብደት ከመጨመርዎ በፊት ድግግሞሽ ይጨምሩ። በ60 ኪሎ፣ ማለትም በ75 በመቶ፣ አራት ዙር አምስት አምስት ጊዜ ይጀምሩ፤ በየዙሩ መጨረሻ ሁለት ጊዜ ያህል ለመግፋት የሚበቃ አቅም ሊቀርዎት ይገባል። አራቱንም ዙር በዚሁ ሁኔታ ስድስት ስድስት ጊዜ ሲጨርሱ ብቻ ወደ 62.5 ኪሎ ይሂዱ። በዙሮች መካከል ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ማረፍ ስንፍና አይደለም።

በውድድር ዘንጉ ደረት ላይ ቆሞ የዳኛው ትእዛዝ እስኪሰማ ድረስ መግፋት አይፈቀድም። በጂም ደረት ላይ እያነጠሩ የገፉት 80 ኪሎ በመድረክ ላይ 75 ሊሆን ስለሚችል፣ ከአሁኑ ቢያንስ አንዱን የቤንች ቀን ዘንጉን ደረትዎ ላይ እያቆሙ ይሥሩ። ስኳትም እንዲሁ ነው፤ ዳሌ ከጉልበት የላይኛው ክፍል በታች ካልወረደ አይቆጠርልዎትም።

ቤንችን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ስኳትን ሁለት ቀን፣ ወገብን በእጅጉ የሚያደክመውን ዴድሊፍት ደግሞ አንድ ቀን ብቻ ከባድ አድርገው ይሥሩት። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ከ65 እስከ 75 በመቶ በሆነ ክብደትና በብዙ ድግግሞሽ፣ ቀጣዮቹን ስድስት ከ75 እስከ 85 በመቶ፣ የመጨረሻዎቹን በ90 በመቶ አካባቢ በየዙሩ አንድ ጊዜ ብቻ በማንሣት፣ በጥቂት ዙር ያሳልፉ። በየአራተኛው ሳምንት ክብደቱን ብዙም ሳይነኩ የዙሮቹን ቁጥር በግማሽ ይቀንሱ፤ አብዛኞቹ ጀማሪዎች የሚዘልሉት ይህንን ሳምንት ነው። ከውድድሩ በፊት ያለውን ሳምንትም በጣም ያቅሉት።

በውድድሩ ለእያንዳንዱ ዓይነት ሦስት ሙከራ አለዎት። አንዴ ያስመዘገቡትን ክብደት በሚቀጥለው ሙከራ ዝቅ ማድረግ አይቻልም፤ በአንዱ ዓይነት ሦስቱንም ካልተሳካልዎት ደግሞ ድምር ውጤት አይኖርዎትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ በልምምድ ሦስት ጊዜ በንጽሕና የሚያነሡት ክብደት ይሁን። ዛሬ ባለዎት አቅም በቤንች 72.5 ኪሎ ከፍተው ወደ 77.5 መሄድ ይችላሉ፤ ሦስተኛውን ግን ሁለተኛው በምን ያህል ፍጥነት እንደወጣ በዐይኑ ያየ ሰው ቢወስንልዎት ይሻላል።