ሳቢያን ላይ የኮብልስቶኑን መዋጮ እንዴት እንደተካፈልን

እህቴ፣ «ሰፈራችን ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው፤ ከፊሉን ከተማው ይችላል፣ ቀሪውን እናንተ አዋጡ ተባልን፤ በየቤቱ እኩል ይሁን ወይስ በካርታው ካሬ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ በ2006 ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የአንድ መንደር ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ከሁለቱ አንዱንም ለብቻው አልመክርሽም።

እኛ የጀመርነው በእኩል ነው። 26 ቤት ነን፣ የነዋሪው ድርሻ 130,000 ብር፣ ለእያንዳንዱ ቤት 5,000 ደረሰ። ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ማንም አልተከራከረም። በሦስተኛው ቀን ማታ ሳምቡሳ ጠብሰው የሚሸጡ አንዲት አዴ (እኛ ጋ እናቶችን በአክብሮት የምንጠራበት ነው) ብር ከሻሻቸው ጫፍ ፈተው «ቁጠረው ልጄ» አሉኝ። አብዛኛው የአስር ብር ኖት ነው፣ ዘይት ነክቶት እርስ በርሱ ተጣብቋል። ቆጥሬ ስጨርስ 1,400 ሆነ። «የቀረውን ቀስ ብዬ» አሉ። ከሳቸው በፊት 5,000 ብሩን የከፈለው ጥጉ ላይ ያለው ባለ ቪላ ነበር፣ አጥሩ በሁለት በኩል 40 ሜትር መንገድ ይይዛል። የአዴ ቤት ፊት ከነበሩ 4 ሜትር ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ፀሐይዋ ሳትበረታ ሜትር ዘርግተን የሁሉንም ቤት ፊት ለካን፤ 520 ሜትር መጣ። ሙሉውን በሜትር እናድርገው ስንል ባለ ቪላው «መንገዱን ከሳቸው አብልጬ አልረገጥኩትም» አለ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ግማሹን እኩል፣ ግማሹን በሜትር አደረግነው፦ ለእያንዳንዱ ቤት 2,500፣ በላዩ ላይ በሜትር 125 ብር። አዴ 3,000፣ ባለ ቪላው 7,500 ደረሳቸው። ሁለቱም ፈረሙ። የካርታውን ካሬ የተውነው የጓሮ ስፋት ከመንገዱ ጋር ስለማይገናኝ ነው።

አሜሪካ ያለ ዘመዴ እንደነገረኝ እዚያም ሲከራከሩበት የኖሩት በዚሁ ነው። ከተማው በቦንድ ተበድሮ ይሠራና ወጪውን ከሥራው በሚጠቀሙ ባለንብረቶች ላይ በፊት ስፋት፣ በካሬ ወይም በጥቅሙ መጠን ያከፋፍላል። ክፍያው ለዓመታት ተከፋፍሎ የሚሄድ ሲሆን ያልተከፈለው ዕዳ ሆኖ ቤቱ ላይ ይያዛል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለንብረቶቹ ድምፅ ሳይሰጡበት አይጫንም፤ ድምፁም በሚከፍሉት ልክ ይመዘናል። እኛ ጋ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ መዋጮውም ግብር አይደለም። ስለዚህ የሚይዛችሁ ቃለ ጉባኤውና ፊርማው ብቻ ነው። በጥር 2017 ከጸደቀው የንብረት ግብር አዋጅ ጋርም አታደባልቁት፤ እሱ ሌላ ነገር ነው።

አሁን እኛን ወዳቃጠለን ልምጣ። መንደራችን ውስጥ ሁለት የቀበሌ ቤቶች አሉ፣ በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ተብለው የተወረሱ። ተከራዮቹ እኩሉን ድርሻ ያለማንገራገር ከፈሉ። የሜትሩን ግን ቤቱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት እንዲከፍል በደብዳቤ ጠየቅን፤ አራት ጊዜ ተመላለስን፣ አንድም ብር አልመጣም። ድንጋዩ ወርዶ ሥራው ሲቆም ጎዶሎውን እኛው ደግመን አዋጣን። እናንተ የቀበሌ ቤት ካላችሁ መጀመሪያ ያንን በጽሑፍ ጨርሱ፣ ከዚያ ሒሳብ ሥሩ።

ሁለተኛው ዲቹ ነው። ብር ለመቆጠብ የጎርፍ መውረጃውን ከሥራው ዝርዝር አወጣነው፤ እጄን አውጥቼ የደገፍኩት እኔም ነኝ። ድሬዳዋ ተወልጄ፣ ሐምሌ 1998 የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ስንት ሰው ከነቤቱ እንደወሰደ እያወቅኩ! የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጠርዙን ድንጋይ ነቅሎ አሸዋውን ከሥር ጠራርጎ ወሰደው። ውሃው የገባው መጀመሪያ አዴ ቤት ነው። የዱቄት ማዳበሪያቸውን አልጋ ላይ አውጥተው ቆመው ሳያቸው የምለው ጠፋኝ። ዲቹን በኋላ ስንሠራው ከመጀመሪያው ዋጋ እጥፍ ገደማ አስወጣን።

አሰባሰቡን በተመለከተ፣ በአንድ ጊዜ አትጠይቁ። እኛ ከእድር ጋር አብረን በየወሩ ሰበሰብን፣ ደረሰኝ በሁለት ቅጂ፣ የከፈለና ያልከፈለ ዝርዝር ግን በር ላይ አልለጠፍንም። አንዳንዱ ኮሚቴ ይለጥፋል። እኔ አልወደውም፣ ያጣ ሰው በገዛ ሰፈሩ አንገቱን ይደፋል።

የልኬት ወረቀታችን እስካሁን እኔ ጋ አለ። ስሞቹን ሸፍኜ ነገ ፎቶውን እለጥፍልሻለሁ።