መልስ፦ በጋላክሲዎች ግጭት ጋዙ 18 ሚሊዮን ዲግሪ ይደርሳል ወይ?

መምህር፣ ለደሴ ተማሪዎችዎ የስቴፋን ኩዊንቴትን (የሚጋጩ ጋላክሲዎች ያሉበት ቡድን) የጋዝ ሙቀት ሲያሰሉ 18 ሚሊዮን ኬልቪን የወጣልዎ አማካይ የቅንጣት መጠነ ቁስን (በሃይድሮጅን አቶም መጠነ ቁስ ሲለካ) 1 ስላደረጉት ነው። 0.6 ያድርጉት። ጋዙ ሲግል ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቹ ይላቀቃሉ፤ ቅንጣቶቹ ሲበዙ አማካዩ ይቀንሳል።

ስሌቱ፦ 3 × 0.6 × የሃይድሮጅን አቶም መጠነ ቁስ × የፍጥነት ካሬ፣ ሲካፈል ለ(16 × የቦልትዝማን ቋሚ)። ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ ያስገቡ። የግጭቱ ፍጥነት፣ በሰከንድ 900 ኪ.ሜ (ከደሴ ኮምቦልቻ ከሰከንድ ሠላሳኛ ባነሰ ጊዜ መድረስ ማለት ነው!) 11 ሚሊዮን ኬልቪን ይሰጥዎታል። ከዋክብቱ ሳይነካኩ ያልፋሉ፤ ጋዙ ግን በራሱ የድምፅ ፍጥነት፣ በሰከንድ በ10 ኪ.ሜ ገደማ፣ ገለል ማለት ስለማይችል በድንገት ይጨመቃል፤ ይህ የመጨመቅ ሞገድ ሾክ ሞገድ ይባላል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ የሚያግለው ለሾክ ሞገዱ ግንባር ቀጤ ነክ የሆነው ፍጥነት ብቻ ነው። ጋዙ በ45 ዲግሪ ሰያፍ ከገባ ሙቀቱ በግማሽ ወርዶ 5.5 ሚሊዮን ይሆናል፤ በኤክስሬይ የተለካውም ለዚህ ይቀርባል።

ጋዙ ሁሉ እንዲህ ይግላል ብለው ግን አያስተምሩ። ጥቅጥቅ ባለ ደመና ውስጥ ሞገዱ ስለሚዘገይ ሙቀቱ ያንሳል፤ ስለዚህ ሞለኪውላዊ ሃይድሮጅን (ሁለት ሁለት አቶሞች የተጣመሩበት) ይኖራል፤ ስፒትዘር ቴሌስኮፕ ኃይለኛ የታህተ ቀይ ጨረሩን እዚያው ግጭቱ ቦታ ላይ አይቶታል።