ለአስተማሪም ትምህርት አለው ወይ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ አካውንቲንግ አስተምራለሁ። ማስተርሴን ይዣለሁ። ሰሞኑን አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን የሚሰጠው የድህረ ምረቃ ፕሮግራም አይቼ ልቤ ተነሳ፤ የዩኒቨርሲቲ ማስተማርና የአካዳሚክ አመራር ይላል። ጓደኞቼ ግን «ሁለተኛ ማስተርስ ምን ያደርግልሻል? ፒኤችዲሽን አትጀምሪም?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ እንዳልተከተሉኝ ይታወቀኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኞችሽ ስለ ደረጃ እድገት ከሆነ የሚያወሩት ልክ ናቸው። ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር የሚያሻግርሽ ፒኤችዲ ነው፣ ካልሆነም የታተመ ጥናትና የአገልግሎት ዘመን ነው። ሁለተኛ ማስተርስ እዚያ ላይ ብዙም አይረዳሽም። አንቺ ያነሳሽው ግን ሌላ ነገር ነው። ተማሪዎቼ አልተከተሉኝም ነው ያልሽው። እሱን ፒኤችዲ አይፈታልሽም፣ ፒኤችዲ የሚያሠለጥነው ተመራማሪ ነው።

እስቲ የእኛን አገር አሠራር እይው። ጥሩ ውጤት ያመጣው ልጅ በተመረቀበት ዲፓርትመንት ይቀራል፣ ረዳት ምሩቅ ይባላል፣ ክረምቱ ሲያልፍ ማርከር ይዞ ክፍል ይገባል። አንደኛ ክፍል ለሚያስተምር ሰው የመምህርነት ሥልጠና እንጠይቃለን፣ ለወደፊት ሐኪምና መሐንዲስ የሚያስተምረውን ግን ትምህርቱን ካወቀ ማስተማሩንም ያውቃል ብለን እናስገባዋለን። ይሄ ትልቅ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። እንግሊዞችም ለረጅም ጊዜ እንደዚሁ ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ከፍተኛ ትምህርታቸው የወጣው የዲሪንግ ሪፖርት አዳዲስ መምህራን ስለ ማስተማር ይሠልጥኑ ብሎ ከመከረ በኋላ ነው ነገሩ እየተጠናከረ የመጣው። ዛሬ እዚያ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ሌክቸረር ሲቀጥሩ የማስተማር ሰርተፍኬት እንዲማር ያደርጉታል።

ያየሽውን ፕሮግራም ስትመረምሪ ክሬዲቱን እይ። በእንግሊዝ አሠራር 60 ክሬዲት ሰርተፍኬት፣ 120 ዲፕሎማ፣ 180 ማስተርስ ነው። አንቺ ማስተርስ ስላለሽ 60ዋ ትበቃሻለች፣ ለቀሪው ገንዘብሽን አታውጪ። ለፒኤችዲሽ ይሁንሽ።

ደግሞ የትኛውም ፕሮግራም ቢሆን የራስሽን ክፍል ይዘሽ የምትማሪበት ይሁን። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። «ገብቷችኋል?» ስትያቸው ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይልሻል አይደል? ያ «አዎ» ምንም አይነግርሽም፣ ከትንሽነታቸው ጀምሮ የለመዱት መልስ ነው። ክፍሉ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ግማሽ ወረቀት አውጡ በያቸው፣ ስም ሳይጽፉ ዛሬ ያልገባቸውን አንድ ነገር ብቻ ይጻፉልሽ። ማታ ስታነቢው የዲፕሪሲዬሽን (የንብረት እርጅና ቅናሽ) አሰላሉ እንደገባቸው፣ ለምን እንደሚታሰብ ግን የሚያውቅ እንደሌለ ልታገኚ ትችያለሽ። ያን ጊዜ በማግስቱ ከየት እንደምትጀምሪ ታውቂያለሽ።

ሌላም አለ። የመጨረሻውን ፋይናል ፈተናሽንና ኮርስ አውትላይንሽን ጎን ለጎን አስቀምጪ። አውትላይኑ «ተማሪው የሒሳብ መግለጫ ይተነትናል» ይላል። ፈተናውስ? «ዘርዝር»፣ «ምን ማለት ነው»፣ «እውነት ወይም ሐሰት» ከሆነ ተማሪው መተንተን የሚለማመድበት ምክንያት የለውም። ጆን ቢግስ የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1996 ያብራራው ሐሳብ ይሄው ነው፦ ተማሪው እንዲችል የምንፈልገው፣ ክፍል ውስጥ የሚሠራውና የሚፈተንበት ነገር መናበብ አለባቸው። ጥሩ ፕሮግራም ይህንን በራስሽ ኮርስ ላይ ያሠራሻል፣ ባልደረባሽ ክፍልሽ ኋላ ቁጭ ብሎ ያየውን እንዲጽፍልሽ ያደርጋል፣ ያሻሻልሽውን ደግሞ ማስረጃ ይዘሽ ታቀርቢያለሽ። ንባብና አሳይመንት ብቻ ከሆነ ይቅርብሽ።

ከመክፈልሽ በፊት ግን እዚሁ ያለውን ጠይቂ። በተለይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለመምህሮቻቸው የሚሰጡት ኤች ዲ ፒ (ሃየር ዲፕሎማ ፕሮግራም) አለ። ከሥራ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ሥልጠና ነው፣ በራስ ክፍል ላይ አክሽን ሪሰርች፣ ማለትም የራስን ችግር አጥንቶ መፍትሔ መሞከር፣ ያሠራል። ዲግሪ አይደለም፣ በደንብ ከተያዘ ግን የምትፈልጊው እሱ ነው። ኮሌጅሽ ከሌለው ለዲንሽ ጥያቄ አቅርቢ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቻችሁ የመውጫ ፈተና ይቀመጣሉ፣ የማስተማሩ ጥራት አሁን ለኮሌጁም የህልውና ጉዳይ ነው። ግማሹን ክፈሉልኝ ብትያቸውም አያሳፍርሽም፣ መጠየቅ መብትሽ ነው።

ጥያቄ፦ ስድስት ኪሎ አስተምራለሁ፣ ዶክተሬቴን ከያዝኩ ቆይቷል። ዘንድሮ የዲፓርትመንት ኃላፊነት ሰጡኝ። ስለ አስተዳደር የተማርኩት ነገር የለም። የአመራር ዲፕሎማ ልጀምር?

መልስ፦ ይጀምሩ እላለሁ፣ ግን አሁኑኑ አይደለም፣ አንድ ሴሚስተር ወንበሩ ላይ ይቀመጡ። ጥያቄ ሳይዙ ወደ አመራር ትምህርት የገባ ሰው ይዞ የሚወጣው ቃላት ነው። እርስዎ ግን ኮርስ ሲያከፋፍሉ፣ የቅዳሜውን ኤክስቴንሽን ለማን እንደሚሰጡ ሲወስኑ፣ የግሬድ አቤቱታ ሲመጣብዎ፣ የቀድሞ አስተማሪዎን «ውጤት አላስገቡም» ለማለት ሲቸገሩ ጥያቄው ራሱ ይመጣል። የዩኒቨርሲቲ አመራር ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ የሚመሩት ሰው ባልደረባዎ ነው፣ የሥራ ዘመንዎ ሲያልቅ ደግሞ እሱ ኃላፊ ሆኖ እርስዎ ተመልሰው መምህር ሊሆኑ ይችላሉ። በትእዛዝ የሚሄድ ነገር የለም።

እስከዚያው የከፍተኛ ትምህርት አዋጁን፣ አዋጅ 1152/2011ን፣ እና የዩኒቨርሲቲዎን ሌጂስሌሽን (የውስጥ ደንብ) ያንብቡ። እውነት ለመናገር ብዙ የዲፓርትመንት ጠብ የሚነሳው ማን ምን የመወሰን ሥልጣን እንዳለው ባለማወቅ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ አሳሳቢ ነው፣ ቀድሞ «ከላይ የመጣ ነው» ይባል የነበረው ውሳኔ አሁን ግቢው ውስጥ የሚወሰን ሊሆን ይችላል።

አገር ውስጥ የትምህርት አመራርና አስተዳደር ማስተርስ አለ። ከመመዝገብዎ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር ይጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ትኩረቱ ርዕሰ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች ላይ ነው። እርስዎን የሚጠቅመው ስለ ሴኔት፣ ስለ ጥናት በጀት፣ ስለ መምህራን ምልመላ የሚያነሳው ነው።

ጥያቄ፦ በኦንላይን የተማርኩት የውጭ ዲግሪ እዚህ ይታወቅልኛል?

መልስ፦ ከመክፈልህ በፊት ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሄደህ ጠይቅ፣ የውጭ ማስረጃ አቻ ግምት የሚሰጠው እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው በራሱ አገር እውቅና እንዳለው አጣራ፣ ያንተ ፕሮግራምና በኦንላይን መሰጠቱም እውቅናው ውስጥ መካተቱን ለይተህ ጠይቅ። ደላላ «እኔ አስጨርስልሃለሁ» ካለህ ተወው። የመግቢያ ደብዳቤህን፣ ትራንስክሪፕትህንና የከፈልክበትን ደረሰኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ አስቀምጥ። እዚሁ ለመማር ከወሰንክ ደግሞ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ ኤንጋትን፣ ማለፍ ስላለብህ የምዝገባ ማስታወቂያውን ትምህርት ሚኒስቴር ሲያወጣ ተከታተል።